ትርፍ ፍሬ

ያን ዓመት ዝናቡ፣ በካላሃሪ ዳር፣
ደመና አስይዞ ሳይመለስ ቀረ፤
ማሽላው በቁሙ አንገቱን እንደደፋ
ወፍ እንኳ ሳይነካው ደርቆ ተሰበረ።
ከእናቴ ማሳ ጫፍ፣ ከእሾሁ አጥር ሥር፣
አንድ የለሮትሴ ሐረግ ብቻውን ከረመ፤
ሥሩን እኛ ዘንድ ትቶ፣
በእሾሁ መሃል ሾልኮ፣
ጎረቤት ግቢ ገብቶ ፍሬ ተሸከመ።

ለሮትሴ ማለት
ከሐብሐብ ዘር ወገን፣ ቆዳው ዝንጉርጉር ነው፤
ጥሬውን ቢገምጡት
ማርም ውሃም አይደል፣
ለብቻው አይጥምም፤ ገንፎ ነው የሚያምረው።

ጎረቤታችን ማ-ሴአቤሎ
ከእናቴ ጋራ፣ በአንድ የጠፋ ፍየል፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ነበር።
(ሴአቤሎ ልጇ ነው፤ በእኛ ቋንቋ "ድርሻ"።
ከኔ ጋር እኩያ፣ አፍንጫው እርጥብ።)
"ሥሩ የኔ ነው!" አለች እናቴ።
"ፍሬው ግን ከደጄ!"
ይህች አክስት ጠራች፣ ያቺ ወንድም አመጣች፤
ነገሩ ሲጎተት፣
ሐብሐቢቱም አብራ በሰው ጀርባ ታዝላ
ክጎትላ ደረሰች፣ አደባባይ ወጣች።

አዛውንቱ ሞጎሮሲ፣
ጠፍር ከተወጠረበት ወንበሩ ላይ ሆኖ፣
ሁለቱንም ሰማ።
ሐብሐቧን በጣቱ ኳ፣ ኳ አደረጋት፣
ቤት ያለ ሰው እንዳለ ለማወቅ ይመስል።
"ማሽላ ማን አለው?"
"አንድ ጣሳ ዱቄት" አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ።
"እርጎስ?"
"ግማሽ ቅል" አለች ያቺ፣ ወደ መሬት ብላ።
"እንግዲህ ፍርዱን ድስት ይስጥ፤
እኔ ጥርስ የለኝም፣ ለስለስ አድርጉት" ብሎ
ጉልበቱን ደግፎ ተነሣ።

አጥሩን አንድ ክንድ ከፍተው
ድስቱን መሃል ጣዱት።
ባለ ሦስት እግር ነው የብረት ድስታችን፤
ሁለቱ እነሱ ጋ፣ አንዱ ከግቢያችን፤
ደግሞ በዚያ እግር ጠብ ሊነሣ ነበር፣
እሳቱ ባይቀድም።

እናቴ ልጣ ከተፈች።
ቁርጡ እየቀለጠ ውሃ ሲያወጣ
ማ-ሴአቤሎ እርጎዋን አፈሰሰች።
ዱቄቱ ሲዘንብ (ያን ዓመት የዘነበው እሱ ብቻ ነው)
አንዷ ስታማስል ክንዷ ሲዝል
ሌላዋ እንጨቱን ሳትጠየቅ ወሰደች።
ቃል የለም።
"እሳቱ።"
"አየሁት።"
ይኸው ነው ጨዋታው።

ሽታው ግን አፍ አለው፤ ቤት ለቤት ዞረ።
የአዛውንቱ ድርሻ በቅድሚያ ተላከ።
በአህያ ጋሪው ጨው ጭኖ ሲያልፍ የነበረ፣
ስሙን ያልነገረን አንድ መንገደኛ
እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤
ከየት ነህ ያለው የለም፣ ሳይበላ በፊት።

እኔና ሴአቤሎ ለአንድ ገበታ ደረስን።
"በየፊታችሁ ብሉ" ተብለናል።
እኔ በፊቴ ቆፈርኩ፣ እሱ በፊቱ፤
መሃል የቆመው ግን፣ ያ ቢጫ ግድግዳ፣
አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እኔ
እየተናደ መጣ።
ገንፎ ወሰን አይጠብቅም።
በመጨረሻ ጣታችን ተጋጨ፤
የድስቱን ቅራሪ ግን፣ ያን እንኳ፣ ተጣላንበት።

በማግስቱ ፍሬዎቹ ታጥበው
በቆርቆሮ ላይ ደረቁ።
ሁለቱ ሴቶች ተንበርክከው ይቆጥራሉ፦
"ላንቺ። ለኔ። ላንቺ። ለኔ።"
አንድ ፍሬ ተረፈች።
እናቴ አየቻት፣ ማ-ሴአቤሎ አየቻት፤
ሁለቱም እጃቸውን አልሰደዱም፣
ሁለቱም እጃቸውን አልሰበሰቡም።
እኔ አንሥቼ ዋጥኳት።

"ንትሻዲ! ምነው ልጄ!"
"ሆዷ ውስጥ ይበቅላል" አለች ማ-ሴአቤሎ፣
"ሐረጉ በጆሮዋ ሲወጣ ያን ጊዜ
የማን ነው እንላለን?"
መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት።
ፍየሉ አልተገኘም፤
አጥሩም ተመልሶ ታጠረ፣
አንድ ክንድ ሲቀረው።

ዛሬ የማዕድን ሠራተኞች ምሳ ቤት
በትልቅ ጭልፋ ገንፎ እቀዳለሁ፣
ለእያንዳንዱ በየሳህኑ፣ ተለክቶ።
አንዳንዴ ሆዴን ሲቆርጠኝ
እጄን እጭንበታለሁ፦
ያቺ ፍሬ ናት፣
እስካሁን ያልተካፈልናት።