ሰባት መርፌ

ከጦሳ የወረደው ጉም ደጄን ሲሞላ፣
ጦይባ ትመጣለች ቦርሳዋን አዝላ።
ግማሽ ዳቦ ባፏ፣ ግማሹ በኪሷ፣
ክሩን ትቆርጣለች በዚያ በፊት ጥርሷ።
ሰባት መርፌ ሰድራ፣ ሰባት ክር አስገብታ፣
በመርፌ ትራሴ ላይ በቀለም ለይታ፣
«ነጩ ለሸሚዝ ነው፣ ጥቁሩ ለሱሪ»
ብላኝ ትሮጣለች፣ ያምስተኛ ተማሪ።

ሁለት ክረምት ሙሉ እንዲህ ነው የሰፋሁ፤
ሞራ ዐይኔን ጋርዶት፣
ዳር ዳሩን በጣቴ ዳብሼ እየለየሁ።
አንድም ቀን አልቆጠረች፣ አንድም ቀን አልቀረች፤
ሳንቲም ስፈልግላት ከበሩ ወጥታለች።

ኋላ ቦሩ ሜዳ ሞራው ተገፈፈ፤
ነርሷ «አብሽሩ» አለች፣ ፋሻው ተራገፈ።
መጀመሪያ ያየሁት ጥፍሬን ነው፣ ማደጉን፤
ቀጥሎ የነርሷን ኮት፣ የቁልፉን መርገፉን።

ለሐኪሙ ሠራሁ፣ ለነርሷም ሠራሁ፤
ከሸሚዝ ካርቶን ላይ አራት ማዕዘን ቆረጥሁ፣
በሠርግ ሐር ቁራጭ ዙሪያውን ዘመዘምሁ።
(በነርሷ ካርድ ላይ አንድ ቁልፍ ተከልሁ።)

የወፍጮ ቤቱ እንድሪስ በሳቅ ተንፈራፈረ፦
«ፒያሳ ሞልቶ የለ? አበባ የተዳመረ፣
ወርቅ የተረጨበት፣ ሲከፍቱት የሚዘፍን!»
«የሱቅ ልብስ ነው ያ» አልሁት፤ «በልክ አይሆን።»

የሐኪሙስ ቀላል። ምስጋናው ቀጥ ያለ፣
እንደ ሱሪ ስፌት ቁልቁል የተጣለ።
የጦይባ ካርድ ግን ሦስት ሌሊት ፈጀ፤
ስሰፋ፣ ስተረትር፣ ካርቶኑ አፈጀ።

ምክንያቱን ልናገር፦ ዐይኔ ከበራልኝ
ሁለት ወር ሆኖታል። ግን እሷ ስትመጣልኝ
መርፌውን አርቄ፣ ግማሽ ተጨፍኜ
«አይታየኝም ልጄ» እላለሁ ለምኜ።
ቀዳዳው ቁልጭ ብሎ፣ በር አህሎ እያየሁ፣
ክሩን ለሷ ሰጥቼ እጄን አጣጠፍሁ።
ምን ላድርግ? ከነገርኋት ምን ብላ ትመጣ?
ጉሙ ብቻ ሊገባ፣ ጉሙ ብቻ ሊወጣ?

ይህን ሁሉ በክር፣ መዳፍ ባከለች ወረቀት፣
እንዴት ተደርጎ ይሰፍራል? አቃተኝ፤ ተውሁት።
አንዲት ቃል ብቻዋን በቀይ ክር ሰፋሁ፤
ከሥሯ በእስክሪብቶ «አያለሁ» ብዬ ጻፍሁ።

ጠዋት መጣች። ሰጠኋት።
ቆማ አነበበች። ገለበጠች ጀርባውን፣
ቋጠሮ የበዛበትን የክሩን ጓዳውን።
መለሰችው ደግሞ። ጣቷ ሄደ፣ ቆመ።
መቀስ የምፈልግ መሰልሁ፤ ልቤ ታመመ።
«ጋሽ ይመር» አለችኝ፣ «አንድ ፊደል ይጎድላል፤
‹አመሰናለሁ› ነው። ‹ግ›ን ማን በልቷታል?»

ስለ ዐይኔ፣ ስለ ወሩ አንድም አልወጣትም።
ቀይ ክር ከጥቅሉ መዘዘች፣ ነከሰች፤
ያን ጊዜ አየሁት፦
የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሸርፏል ለካ፣
ክር የሚያህል ጎድጓዳ፣ ክሩ ልክ የሚገባበት።
ዕውር ስመስል ከርሜ
ለካስ እውነትም አላየሁም ነበር።

መርፌና ክሩን ወደ እኔ ዘረጋች፦
«ያስገቡ እስቲ፣ ልይ።»
እጄ ተንቀጠቀጠ። አንዴ ሳትሁ። ሁለቴ።
በሦስተኛው ገባ።

ከዚያ ቁጭ አለች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣
የትምህርት ቤት ደወል ከሩቅ እየሰማች፤
በ«ሰ» እና በ«ና» መሃል፣ ከመስመሩ በላይ፣
መምህር እንደሚያርም፣ ትንሿን «ግ» ሰፋች።
ትንሽ ዘመም ብላለች።

ካርዱን ከዳቦዋ ጋር ኪሷ ውስጥ ከተተች።
«ነገ ስድስት ብቻ» አለችኝ ከደጅ፣ ጉሙ ውስጥ ሆና፤
«አንዷ የርስዎ ናት።»