ሦስተኛው ምስማር

ከጊዮርጊስ ቁልቁል የአባቴ ጨርቅ ቤት
ቁጥር ተጽፎበታል በቀይ ቀለም፤
ከሰኞ ወዲያ የለም።
እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ለገሃር ነው ቢሮዬ፣
ሚሊሜትር እንጀራዬ።
የመጣሁት ቁልፍ ላስረክብ፣ የቀረ ዕቃ ላነሳ ነበር፤
ባንኮኒው ጠርዝ ላይ፣ ከአቧራው ሥር፣
ሁለት የናስ ምስማር።

አውቃቸዋለሁ።
ልጅ ሆኜ አገጬን ባንኮኒው ላይ አሳርፌ አያለሁ፤
የአቡጀዲው ጣቃ ይፈታል፣ ካንዱ ወዳንዱ ይሳባል፣
«አንድ ክንድ... ሁለት ክንድ...» አባቴ በዜማ ይቆጥራል፤
የስታርቹ ሽታ አፍንጫዬን ያሳክካል።

«ድሮ» ይለኝ ነበር «ጨርቅ ሊገዛ ሲወጣ ሰው
ክንደ ረጅም ጎረቤቱን ነበር የሚዋሰው፤
ሻጩ ደግሞ በበኩሉ ድንክ ልጁን ያቆማል፤
በሁለት ሰው ክርን መሃል አንድ ገበያ ይከርማል።
እኔ ምስማር መታሁ፤
ምስማር አያድግ፣ አያረጅ፣ አያዳላ፤ ተገላገልሁ።»

የብረት ሜትሬን ሳብሁ፤ አመል ነው።
አርባ ስድስት ከሦስት። ክንድ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።
ስንዝር ግማሹ፣ ጋት ስድስተኛው፣
ጣት ደግሞ ሃያ አራተኛው፤
ያርዱን፣ ጣቃውን ሁሉ ወደ ሜትር አሻገርሁ፣
የአባቴን ሱቅ በአስርዮሽ ጻፍሁ፤
ቁጥር ቦታው ሲቀመጥ ደስ ይላል።
ሱቅ ይፈርሳል፤ ሠንጠረዥ ይቀራል።

ከዚያ የቀረውን አቧራ በእጅጌዬ ጠረግሁ፤
በጣቴ ሦስተኛ አገኘሁ።
ከሁለተኛው ወዲያ፣ አራት ሳንቲም ራቅ ብሎ፣
አናቱ በሞረድ ተበልቶ፣ ከእንጨቱ ጋር ተመሳስሎ፣
ዓይን እንዳያየው፣ አውራ ጣት ብቻ እንዲያውቅ።
ሲሸጥ በቅርቡ፣ ሲገዛ በሩቁ!
ምስማሮቹ መሰከሩ፣ ሳይጠየቁ።

አራት ሳንቲም።
በእኛ አፍ ርዝመቱም ገንዘቡም አንድ ስም።
ደብተሬ፣ ዩኒፎርሜ፣ የክረምት ጫማዬ፣
አምስት ኪሎ ያገኘሁት፣ ግድግዳ ላይ ያለው ዲግሪዬ፣
ከዚያች ክፍተት ነው የወጣው፤
ከስንቱ ኩታ ላይ አራት አራት እየተባለ የተቀነሰው።

በር ላይ ጋሽ ማዳልቾ፣ አርባ ዓመት ኩታ ያመጡለት ሸማኔ፣
ለስንብት መጥተው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።
አንገቴን ደፍቼ ነገርኋቸው እኔ።
«ያውቁ ነበር?»
«ከተመታ ማግስት!» ብለው ሳቁ፣ ረጅም ሳቅ።
«ታዲያ ዝም አሉት?»
«ማን ዝም አለ! ኩታውን ውሃ ነክሬ፣
ከአጥር እስከ ዛፍ ወጥሬ፣
አራት ሳንቲምሽን ከራሱ ከጨርቁ ስቤ አወጣለሁ፤
እሱ ሩቁን ምስማር ሲነካ፣ እኔ ብሬን እቆጥራለሁ።»
«አባቴስ?»
«ምን ጠፍቶት! እርጥቡን እየዳሰሰ
‹እናንተ ሰፈር ዝናብ ነበር እንዴ?› ይለኛል።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ሲታጠብ ወደ ልኩ ይመለሳል።»

መሐንዲስ ነኝ፤ ለሚሳብ ነገር ቀመር አለኝ፤
ብረት ስንት እንደሚለጠጥ ጠይቁኝ።
ለእነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ግን፣ አንዱ ከአፈር በታች፣
አንዱ ደረጃው ላይ፣ እንባቸውን በጋቢ ጫፍ እየጠረጉ ከሳቅ፣
መደመርና መቀነስን አንድ ላይ ደርቤ ጻፍሁ፤
ከጎኑ ያለውን ሣጥን ባዶ ተውሁ።

ከመሄዴ በፊት ከጫማ ሰፊው ጉጠት ተዋስሁ።
ሁለቱን ለሰኞ ተውኋቸው።
ሦስተኛውን ነቀልሁ።
ጠማማ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ጭኔን ይወጋኛል።
ርዝመቱን አልለካሁም።