ጓጉሎ ይቆይ

ሌሊቱን በሙሉ በረዶ ስገፋ፣
በማርኬት ጎዳና ጨው ስረጭ፣ ስደፋ፣
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናዬን አቁሜ፣
ካፖርቴን ሳላወልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ
ካርቶኑን አነሣሁ፤ ፊደሉ ደቃቃ፣
ታገሥኩት፣ እንቅልፋም ዓይኔ እስክትነቃ።
«ስንዴ ከነፉርሽካው፣ አጃ ከነልብሱ፣
ሃያ ግራም ፕሮቲን ለአንድ ሰው፣ ለራሱ።»
ፉርሽካ! አባቴ ቢያይ ላሟን ይጠራ ነበር።

ፎቅ ላይ፣ ከክፍሏ፣ ልጄ ኪርስቲ አለች፣
ከትናንት ወዲህ ቃል ያልተነፈሰች።
ትግል ነው ሙያዋ፤ ምንጣፍ ላይ፣ ጫካ አይደለም፤
በሃምሳ አምስት ኪሎ የሚችላት የለም።
ትናንት ግን ጠዋት ላይ፣ ፊሽካው ሳይነፋ፣
ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ ቁጥሩ ግን ከፋ።
ሁለት መቶ ግራም። አንድ ብርቱካን።
ሦስት ቀን ሙሉ ነው የተፋችው ምራቋን፣
በላስቲክ ልብስ ስትሮጥ፣ ውሃ ስትሸሽ።
«ውጪ» አሏት፤ ወጣች። ቦርሳዋን አንግባ
ከጎኔ ተቀመጠች፤ ከየት ይምጣ እንባ፣
ውሃዋን ጨርሳ ለሚዛን ገብራ?
መቶ ኪሎሜትር መንገድ እኔ ነኝ የማወራ፦
«ምን በላሽ? መቼ በላሽ? አሠልጣኙስ ምን አለ?»
ምላሴ የመኪናዬ ምላጭ ነው፤
ፊቱ ያገኘውን ዳር ሳያወጣ አይመለስም።
እሷ መስኮቱን አየች። መስኮቱም ምንም አላለ።

ስለዚህ ዛሬ ዱቄት።
በኩባያ ሰፈርኩ፤ የወጥ ቤቱን ሚዛን
መሳቢያ ውስጥ ፎጣ አልብሼ አስተኛሁት።
ወተት፣ እንቁላል፣ ዘይት በማንኪያ።
«ማማሰል አታብዛ» ይላል ከጀርባው፣
«ጓጉሎ ይቆይ ሊጡ፤ አሥር ደቂቃ ተወው።»
መተው! ይኼን ነው እኔ የማልችለው።
ካርቶኑን ንቄ መታሁት፣ መታሁት፣
እንደ ግድግዳ ቀለም ልስልስ አደረግሁት።
የወጣው ዋፍል ሳይሆን የጫማ ሶል ነበር፤
ሙስቲ፣ ውሻችን፣ አንዴ አሸተተውና
ይቅርታ በሚመስል አካሄድ ወጣ።

እንደገና ጀመርኩ።
አስኳሉን ከነጩ ለየሁ፤ ነጩን ብቻ
ክንዴ እስኪዝል መታሁ፤ አረፋው ቆመ
ደጅ እንዳለው ክምር፣
ከነጭ ነገር ሁሉ ይህ ብቻ ነው ለኔ የማልገፋው ነገር።
ከሊጡ ጋር ቀየጥኩት፣ ቀስ እያልኩ፣
እንደ ሕፃን ልብስ እያጣጠፍኩ።
ጓሎቹ ፊቴ ናቸው፤ ያዩኛል።
እጄን በእጄ ያዝኩት።

ብረቱ ጋለ። ሊጡ ሲነካው ጮኸ፣
ከደንኩት፤ በየጎኑ እንፋሎት ተግ አለ።
ይህን እንኳ ሳይጻፍም አውቃለሁ፦ እየተነፈሰ
የከፈተው ሰው ሁለት ግማሽ ነው የሚያገኝ፣
አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ተጣብቆ።

ደረጃው ሲጢጥ አለ።
ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ መጣች፣
ወንበር ሳበች፤ ካርቶኑን አነሣች፤
ዓይኗ እንደ ልማዱ ወደ ቁጥሮቹ ወረደ፣
ስኳር፣ ስብ፣ ካሎሪ፣ ጣቷ መስመር ለመስመር ሄደ።
ከዚያ ቆመች።
ካርቶኑን በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

አፌ ላይ ስንት ነገር ተንተከተከ፦
በሚቀጥለው ዓመት ከፍ ባለው ኪሎ ግቢ፣
ሚዛን ሰው አይደለም፣ እኔም በወጣትነቴ...
ዋጥኩት። ሲወርድ አቃጠለኝ።

እንፋሎቱ ሳሳ፣ ክር ሆነ፣ ቀረ።
ስከፍተው፣ ማንም ሳይነካው ከብረቱ ተነሣ፣
ጠርዙ ቀይ፣ ሆዱ ጥጥ።
ሹካም ሳህንም አልፈለገች፤ በእጇ ቆርሳ፣
የጫካ እንጆሪ ማርማላታ በየጉድጓዱ ሞልታ
በላች። ከሽ የሚለው ድምፅ ወጥ ቤቱን ሞላው።
ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አፏ እንደሞላ
«ጓል አለበት» አለች።
«አለበት» አልኳት።
«ደህና ነው» አለች፤ ጭልፋውንም ከእጄ ወሰደች።

በመስኮቱ አየሁ። ሌሊቱን የጠረግሁት መንገድ
እንደገና ነጭ ሆኗል።
ይሁን።