ባዶ ሠሪ

ከፍራንኮ ማዶ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
በሁለት በር አልፎ ነው ሰው የሚገባ።
አንዱ በር ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈት፣
መሐል ቆመን ነው ጫማ የምናወልቅበት።
የአዳማ አቧራ ግን ደጅ መጥናት ያውቃል፣
ባንገት ላብ ታዝሎ ተደብቆ ይገባል።

ሥራችን ብርሃን ነው፣ ግን ዓይን የማያየው፣
አየር ሲነካካው እንደ ጤዛ 'ሚጠፋው፤
ቀልጦ ከሚንጠባጠብ ከቆርቆሮ ዶቃ
ሌዘሩ ሲመታው ብልጭ ብሎ 'ሚነቃ።
ለሱ ነው ይህ በርሜል፣ የማይዝግ ብረቱ፣
ትንፋሽ እንዳይቀመጥ በሆድ በአንጀቱ።

መስታወቱን ዲንቂቱ ትወለውላለች፣
ስድስት ወር ሙሉ አንድ ፊት ታያለች።
«ያቶም ያህል ጎርብጧል» ትላለች ደንግጣ፣
እኔ ምንም አላይ ዓይኔ እስከሚወጣ።

ጋሽ ሽብሩ የሄልየም ቱቦውን ይዞ
በየብሎኑ ዙሪያ እፍ ይላል ተክዞ።
መርፌው ቀና ካለ፣ ቀዳዳ አለ ማለት።
አሥራ አንድ ሌሊት ቀና አለ።
ፈታን፣ ገጠምን፣ ፈታን።
ባሥራ ሁለተኛው ባጉሊ መነጽር
የመዳብ ቀለበት አጋድሜ ሳይ ከሥር፣
አንዲት የጥፍር ጭረት፤ የኔው፣ የአውራ ጣቴ፣
ያን ቀን ጓንት የናቅኩት ስቸኩል ለራቴ።

ለጋሽ ሽብሩ ነገርኩት። ዝም አለ።
ከዚያ የራሱን አውራ ጣት አየ።
ቀለበቱ ተቀየረ።

ያን ሌሊት ነፋሱ በጋራው ላይ በርትቶ
ፉጨቱ ይሰማል ጣራችንን መትቶ።
ነጫጭ ክንፎች ዞሩ ከኮረብታው አናት፣
ጉልበቱ በሽቦ ወርዶ ሆነ መብራት፣
መብራቱ ሆነ ፓምፕ። በነፋስ ጉልበት
ነፋስ ስናስወጣ ከብረቱ ማጀት፣
መርፌው ወረደ።
ወረደ።
ተኛ።
ማንም አላጨበጨበ። ዲንቂቱ ብቻ
ሕፃን እንዳስተኛች እናት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ሲነጋጋ ቤት ገባሁ። አከራዬ እትዬ አመለወርቅ
በር ላይ ቆመዋል፦ «ወር ሙሉ እዚያ ስታድር ምን ሠራህ?»
«ባዶ።»
ሳቁ። «ባዶማ የኔም ቤት ሞልቷል።»
አልመለስኩም። ቀና ብዬ ጣራቸውን አየሁ፤
ፀሐይ በየሚስማሩ ቀዳዳ ገብታ
ወለሉ ላይ ሳንቲም በትናለች።
የሳቸው ባዶ ያፈሳል።

እሑድ መሰላል ተዋስኩ።
ያንን የጫርኩትን መዳብ ቆራርጬ፣
ሚስማር በጥርሴ ይዤ፣ ቆርቆሮው ላይ ወጣሁ።
ነፋሱ መጥቶ ሸሚዜን ሞላ።
ውጣ አላልኩትም።