የጠርሙሱ ዝቃጭ

እነዋሪ ዳር፣ ከጅሩ ሜዳ ላይ፣
መስተዋት ተሰልፏል፣ ጀርባው ለመረሬ፣ ፊቱ ለሰማይ።

ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ ከቀትር በኋላ
ዝናብ መጣ። ሰሌዳ አይጠጣ፣ አይበላ፤
የወረደለትን በአንድ ጠርዝ ይደፋል፤
የጠርዙ ጠብታ አፈሩን ይገፋል፤
ትናንት ጭረት የነበረ ዛሬ ጥጃ ያሳልፋል።

የኔ ሥራ ጠርሙስ ነው። ከታች፣ ከምንጩ ዳር
እቀዳለሁ፤ ቀን እጽፋለሁ፤ መስኮት ላይ ይደር።
ሲነጋ ሦስት ጣት ጭቃ።
ቅጹ ግን «ድፍርስ» ይላል፣ በቃ።

መሐንዲሱ ልዑልሰገድ ካርታውን ዘርግቶ
ኩሬ አስቆፍሯል፣ የድንጋይ ክትር ሠርቶ፤
ኩሬው በሁለት ሌሊት ደለል ጠጥቶ ጠገበ፣
እሱም ቆሞ አየው፣ እጁን ኪሱ ከቶ።

ከግርጌው ማሳ እትዬ ዘነበወርቅ መጡ፣
ስንዴያቸውን ደለል ቀብሮት፣ ግን አልተቆጡ።
«ይኼ አፈር» አሉ፣ «በግድብ አይያዝም፤
እንደ ራስ ጠጉር ነው፣ ካልጎነጎኑት አይታዘዝም።
ውኃ ብቻውን ይራመዳል፤
ወንድሙን ካገኘ ይጋልባል።»
ከሰሌዳው ሥር በእጃቸው ጠባብ ትልሞች ሰነጠቁ፣
የሰርዶ ጉማጅ ሰኩ፣ አበል ሳይጠይቁ፤
አንዲት መስመር ብቻ። ሌላው መቶ መስመር
እንደ ነበረ ነው።

ነሐሴ ሲጋመስ ከዚያች መስመር ግርጌ የቀዳሁት
መስኮት ላይ አደረ፤ አንድ ጣት። ሁለቴ ለካሁት።
አንድ ጣትም ጭቃ ነው። ምንጩ አልጠራም ገና፤
የጥጃው መንገድም ወዲያ ማዶ ላም ያሳልፋል ደኅና።

ቅጹ የሰው ስም መጻፊያ የለውም። በጠርሙሱ ልጣፍ
ጻፍኩት፣ «ዘነበወርቅ»፣ ከቀኑ ጎን፣ በእስክሪፕቶ ጫፍ።
እርጥበቱ ወርቁን አጥቦ ወስዶት ኖሮ፣
ልዑልሰገድ አነሣው፣ አየውና
«መቼ ዘነበ?» አለኝ።