እሳት የወለደው

ስፖኬን በጥር ወር ክዳን ያለው ድስት ናት፤
ሙቀት ከላይ ሆኖ ብርዱን ከድኖባት፣
ነፋስ አይገባባት፣ ጉሙ አይነሣላት
ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት።

በዚያ ድስት መካከል የኛ ጭስ ማውጫ አለ፣
ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥቂት ፈቀቅ ያለ።
እኔ የሌሊት ነኝ። ሥራዬ ክሬን ነው።
ከመስተዋት ኋላ ጉድጓዱን የማየው፣
በብረት ጥፍር ዘግኜ፣ አንሥቼ፣ በትኜ፣
እርጥቡን ከደረቁ ለውሼ፣ መጥኜ
እሳት አጎርሳለሁ።

የገና ዛፍ ይመጣል ጌጡ እንዳለ ሆኖ፤
ዳይፐር፣ ግማሽ ሶፋ፣ አንድ ቀን ፒያኖ።
ሲወድቅ አንድ ድምፅ ሰጠ፣ ወፍራም፣ ብቸኛ፤
ዴልበርት በሬዲዮ፦ «ማነው የማይተኛ?»

ነሐሴ ላይ ስልኩ ሲጮኽ ነው የከረመ፤
«ጭሳችሁ ነው» ያለ ሁሉ፣ ዓይኑ የታመመ።
ጫካው ነበር የነደደው፣ ከተራራው ማዶ፤
ጭስ አባት ሲያጣ እኛን አለ፣ ወርዶ።

በጥር ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የደወለ፤
ድምፁ የሴት ድምፅ ነው፣ ረጋ፣ ሰከን ያለ።
«ዚናይዳ እባላለሁ። ቤቴ ከናንተ በስተምሥራቅ ነው።
ጠዋት ጠዋት በማስመሪያ በረዶ የምለካው።
ሬዲዮው ‹ዜሮ› ይላል፤ እኔ ሁለት ኢንች አለኝ።
ጎረቤቴ ደጅ ደረቅ ነው፤ ሄጄ አይቻለሁ፣ እመኑኝ።
ከመንገዱ ወዲያ አንዲት ብናኝ የለም።
ሰማዩ ለኔ ብቻ ምን እንዳየ አላውቅም።»

ለዴልበርት ነገርኩት። አመለከተኝ በጣቱ፦
«የምትለካው የኛን ነው፤ ያውና እንፋሎቱ።
ጉሙ ውስጥ ሲገባ፣ ያ የበረደ ጠብታ
ጠጥሮ ይረግፋል፣ በአንድ ጠባብ ቦታ።»

«እሳት አመድ ወለደ» ይላል ሰው ሲተርት፤
የኛው ግን አመዳይ ወለደ፣ በሌሊት።
ለጥቂት ነው የሳተው፣ ለምላስ ጫፍ ያህል።

በማግሥቱ ደወለች። «ውኃ ብቻ ነው» አልኳት፤
«አመዱ ይጣራል፣ አይወጣም» ብዬ ማልኩላት።
ዝም አለች። ቀጥላም፦ «ውኃውስ ከየት ይመጣል?»
«ከሚነደው ነገር። እርጥበት ምን ያጣል?»

«ፔትሮ ኅዳር ላይ ሞተ። አሥራ አንድ ወር ተኝቶ
ያላበው ፍራሽ ነበር። መኪናችሁ መጥቶ
ወሰደው፣ ማክሰኞ።»
            ከስልኩ ወዲያ ሰዓት ይመታል።
የኅዳር ፍራሽ፣ አውቃለሁ፣ በጥር አይዘንብም፤
በመጣ በሳምንቱ ነዶ አልቋል። አልነገርኳትም።
«ሊሆን ይችላል» አልኩ። ውሸት እንዲህ ይቀላል።

ያን ሌሊት ጥፍሩ ላይ አንድ ፍራሽ መጣልኝ፤
የማን እንደሆነ እንጃ። አየር ላይ ቆመልኝ፣
መሐሉ የጎደጎደ፣ በአንድ ጎን ያረጀ።
ሰንሰለቱ ይንጫጫል፤ ዴልበርት ይጣራል።
ምን ብዬ ልመልስ? እሳትም ይራባል።
ለቀቅኩት።

በአምስተኛው ሌሊት ነፋስ ከምዕራብ ገባ፤
ክዳኑ ተገለበጠ፣ ጉሙም ሸሸ፣ እንደ ሌባ።
ስልኩ አልጮኸም።

ጠዋት ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል ዞርኩ፤
ደጇን ሳላንኳኳ ከአጥሩ ማዶ ቆምኩ።
በረዶው ቀልጧል። የእንጨት ማስመሪያዋ
ጭቃው ውስጥ ተተክላ ቆማለች በቦታዋ።
ከሁለቱ ኢንች ላይ በእርሳስ ጭረት አለ፣ ከጎኑም ስም።
ላነበው ጎንበስ ስል
የገዛ ትንፋሼ መነጽሬን አለበሰው ጉም።