የነጥብ መዝጋቢው ደብተር

የክሪኬት ደብተሬ፣ ጥርዙ የላላ፣
ግማሹ ነጥብ ነው፣ ግማሹ ግን ሌላ።

ኳሷ የፈትል ናት፣ የድርና ማግ ትራፊ፤
ኑርልኝ ሲመታት፣ አጥር ጣሽ፣ ወንዝ አላፊ፤
ከቦርከና ማዶ ማሽላ ውስጥ ገባች፣
ወፍ ጠባቂዋ ልጅ በወንጭፍ መለሰች።

ዳኛው፣ ህንዱ መካኒክ፣ ሁለት እጁን አንስቶ
ስድስት መሆኑን ሲያውጅ፣ ባለጋሪው ሙሄ አይቶ
ዱዓ መሰለውና፣ ቆሞ "አሚን!" አለ፤
ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻ
ያለ አሚን ስድስት መች አለ?

ሸጋው ሦስት ሮጠ።
ለአራተኛው ሲመለስ
የወለቀ ጫማውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል
ተቃጠለ።

ዘምዘም ግን፣
ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣች፣
ጸጉሯ ላይ ብናኝ ጥጥ፣ ዓይኗን እያሸች፣
ከደሴ ልጆች ፊት ሦስቱን እንጨት ከልላ
ሠላሳ አንድ ኳስ መለሰች፣
አንድ እርምጃ ሳትሮጥ፣
"አብሽሪ!" ስንላት ዞር እንኳን ሳትል፣
የጎፍ ላይ ያረገዘው ዝናብ እስኪጥል።
ሳንሸነፍ መሸ።

ደብተሩ "ዜሮ" ይላል። እኔው ነኝ የጻፍኩት።
ማታ ስገልጠው ግን ኳስ መስሎ አየሁት፣
ከሦስቱ እንጨት ደጅ ቆሞ፣
"አትገባም" ያሉት።